በንጉሥ አምላክ፣ ቁሚ!

የወንድሜ ልጅ ሄኖክ ላሊበላ ላይ አስጎብኚ ነው። ምላሱ ጤፍ ይቆላል። ለልጁ ክርስትና ጠርቶኝ ከደሴ መጥቼ ነበርና፣ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ የመጡ ወጣቶችን ይዞ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ሲወርድ «እትዬ፣ አብረውን ይውረዱ፤ እግርዎን ያፍታቱ» አለኝ። እሺ ብዬ ወረድኩ። ምን አለ ብቀር ኖሮ!

ሄኖክ ከኋላዬ ያስረዳል። «ያኔ ንጉሥ ማለት ሥዩመ እግዚአብሔር ነው። እግዚአብሔር ራሱ የቀባው። ሰው የሚታዘዘው ፈርቶ አይደለም፣ አምኖ ነው። ዛሬ ፖሊስ በጠመንጃ የማያስቆመውን ሰው ያኔ በአንድ ቃል ያስቆሙት ነበር» ይላቸዋል። አንዷ ልጅ «አሁንስ እንደዚያ ያለ ንጉሥ ቢኖረን!» አለች። እኔ ቀድሜያቸው ቁልቁለቱን ጀምሬያለሁ፤ ለእግሬ ብቻ ነው የማስበው፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። «አታምኑም? እስኪ እዩ» አለና ሄኖክ ድምፁን አወፍሮ ጮኸ።

«በንጉሥ አምላክ! ቁሚ!»

ቆምኩ።

ስድሳ ዓመት ያለፈኝ ሴትዮ፣ ንጉሥ የሚባል ከአገሩ ከጠፋ ይኼን ያህል ዘመን አልፎ፣ አንቱ ብሎ በሚጠራኝ ልጅ አፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ልጆቹ ከት ብለው ሳቁ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣኝ። ሄኖክማ ደስታውን አልቻለውም። «አያችሁ? ደም ውስጥ ነው ያለው!» አላቸው።

ደም ውስጥ! አዎን፣ ደም ውስጥስ አለ። እንዴት ብሎ እንደገባ ግን አልጠየቀም። ያን ቀን ምሳም አልበላሁ። ሄኖክ «እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው፣ በእኔ ሞት» እያለ ሲለማመጠኝ ዋለ። በእሱ መቼ ተናደድኩ! እሱ ምን ያውቃል፣ ልጅ ነው። የተናደድኩት በገዛ እግሬ ነው።

ያደግኩት ከሙጃ በላይ፣ ብርዱ አጥንት ከሚሰብርበት ደጋ ላይ ነው። እናቴ እኔን ለአባቷ ትታ ወልዲያ ወርዳ ነበር። ቤት ውስጥ ያለነው አባባ የምለው አያቴ፣ አክስቴ አስካለ፣ ገና ጡት ያልጣለ ልጇ መኩሪ እና እኔ ነን። የአስካለ ባል ሥራ ፍለጋ ወደ ራያ እንደወረደ ቀርቷል። የምነግራችሁ ንጉሡ ከዙፋናቸው ከመውረዳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ያለውን ክረምት ነው። እንደሚወርዱ ግን ማንም አያውቅም፤ እኛ ዘንድ ፀሐይ ትወርዳለች ቢባል ይቀል ነበር።

ያኔ ሰው ሰውን ማስቆም ሲፈልግ «በንጉሥ አምላክ!» ይለዋል። የተባለው ሰው ጭነት ቢይዝ፣ ወንዝ መሃል ቢሆን፣ ልቅሶ ቢሄድ ይቆማል። ከዚያ ሁለቱ የጋቢያቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዳኛ ከጠፋ መንገድ ላይ ያገኙት ሽማግሌም ቄስም ይሁን ተቀምጦ ይፈርድላቸዋል። ቃሉን ረግጦ የሄደ ንጉሡን ካደ ይባላል፤ ንጉሡን የካደ ደግሞ እግዜርን ካደ። እንዲህ ስናገረው ደስ የሚል ነገር ይመስላል አይደል? ለሄኖክ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ድሃ ሀብታሙን በአንድ ቃል አስቁሞ ዳኛ ፊት የሚያቀርብበት ቃል ነው ተብሎ ነበር የሚነገረን።

እኛ ልጆች እንጫወትበት ነበር። አንዷ ትሮጣለች፣ ሌላዋ «በንጉሥ አምላክ!» ትላለች፣ ሯጯ ባለችበት ትደርቃለች። ሳትቆም ያለፈች እንደሆነ ሁላችንም ጥለናት እንሸሻለን፤ መብረቅ ይመታታል ብለን ነው፣ እኛንም እንዳይነካን። የምሬን ነበር የማምነው። አንዴ የጎረቤታችን ዶሮ ገብስ ስትለቅም አይቼ በቃሉ ላስቆማት ሞከርኩ። ዶሮዋ ደንታም አልሰጣት። ክርስትና ስላልተነሣች ነው ብዬ ተውኳት።

አንድ ነገር ግን አይገባኝም ነበር። አንድ ቀን አባባን ጠየቅኩት። «አባባ፣ የንጉሥ አምላክ ከእኛ አምላክ ይበልጣል?»

«ወጊድ! አምላክ አንድ ነው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን በአስካለ አምላክ አይባልም?»

አባባ ደነገጠ። ተነሥቶ በር ድረስ ሄዶ ደጁን ቃኘና ተመለሰ። «ሁለተኛ እንዲህ ብለሽ እንዳልሰማ። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን ማየት ያዝኩ። አንዳንድ ቀን ደመናው ትልም በትልም ሆኖ ሲታይ፣ የሆነ ሰው ሊያርሰው ሞክሮ ተይዟል ማለት ነው እል ነበር። ማን ይሆን? ምንስ አደረጉት? ለአባባ ግን አልነገርኩትም፣ በር ድረስ እንዳይሄድ።

የንስሐ አባታችን ደግሞ ቤታችን ጸበል ሊረጩ ሲመጡ ያስረዱን ነበር። የእኛ የላስታ ነገሥታት ቅዱሳን ነበሩ፤ ቀን እነሱ የወቀሩትን ዓለት ሌሊት መላእክት ይወቅሩላቸው ነበር። እንግዲህ ንጉሥ ማለት መላእክት የሚያግዙት ሰው ነው። ጃንሆይም እንዲሁ ናቸው አሉን። እኔ ታዲያ ላሊበላ ከወረድኩ አንድ ጥግ ላይ ጃንሆይን መሮ ይዘው ድንጋይ ሲፈልጡ አገኛቸዋለሁ ብዬ እጠብቅ ነበር። እጃቸውን ይሻክራቸዋል ብዬ አዝንላቸው ነበር እኮ! ሲያስተምሩን እንዲህ ነበር የሚያስተምሩን። መሮና ድንጋዩን ያሳዩሃል፣ ከዚያ ስልቻህን ይወስዳሉ።

ስልቻውን እደርስበታለሁ። መጀመሪያ አያ ደምሌን ልንገራችሁ።

አያ ደምሌ የመንደራችን ጭቃ ሹም ነው። ግብር የሚሰበስብ፣ መዋጮ የሚያስጥል፣ የበላይ ሹም ሲመጣ ቀድሞ የሚያጎነብስ። በቅሎ ነበረው። ከምንጩ መንገድ ዳር፣ ከወይራው ሥር ተቀምጦ ገበጣ መጫወት ይወድ ነበር። አንድ ቀን እኔና አስካለ ውሃ ቀድተን ስንመለስ፣ እሷ እንስራ በጀርባዋ መኩሪን በደረቷ ይዛ፣ ዳገቱ መሃል ስንደርስ ከወይራው ሥር ድምፅ መጣ። «አስካለ! በንጉሥ አምላክ፣ ቁሚ!»

ቆመች። ዳገቱ ላይ፣ ጎንበስ እንዳለች።

እሱ ግን አልመጣም። ገበጣው አላለቀለትም። ጠጠር ይጥላል፣ ያነሣል፣ ይስቃል። እንስራው አንገቱ ላይ የተሰነጠቀ ነበርና ውሃው በአስካለ ጀርባ ቁልቁል ይወርዳል። መኩሪ ያለቅሳል። «አስካለ፣ አውርጂው እንጂ» አልኳት። «ቁሚ የተባለ ሰው ይቆማል፤ ዕቃ አውርድ አልተባለም» አለችኝ። እኔም አጠገቧ ቆምኩ፤ እኔን ማንም አላስቆመኝም፣ ግን እግሬ እንቢ አለ።

ገበጣው አለቀ። አያ ደምሌ ጋቢውን እያራገፈ መጣ። ምን ሊላት ይመስላችኋል? የከሰሳት ሰው አለ? ዳኛ ጠርቷታል? «አባትሽ ደኅና ነው? ለጃንሆይ ልደት መዋጮ አለ፣ ይዘጋጅ በይው» ብሏት ሄደ። ለዚህ ነው! እንስራው ግማሽ ሆኖ ነበር። ምንጩም ሩቅ ነው፤ በዚያ ዓመት ደግሞ ሊደርቅ ምንም አልቀረው፣ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ጠብቀን ነው የምንቀዳው። አስካለ ተመልሳ ወረደች። በንጉሥ አምላክ የቆመች ሴት ምን ትላለች?

የዚያን ዓመት ነገር የሰማ ሰው ያውቀዋል። ያለፈው ክረምት ሳይጠግብ ሄዶ ነበር፣ በልጉም ጨርሶ ቀረ። ከብቱ አለቀ፣ ለእኛ አንድ በሬ ብቻ ተረፈ፣ እሱም ጎኑ ይቆጠራል። ሳማ ቀቅለን እንበላ ነበር። ሳማ ቀቅሎ መብላት ይቻላል፣ አይለበልብም፤ ሽታው ግን እስከዛሬ ከአፍንጫዬ አልወጣም፣ የረጠበ ሣር በብረት ድስት የተቃጠለ ያህል ነው።

ቤታችን መሃል ምሰሶው ላይ ደግሞ ስልቻ ተንጠልጥሎ ነበር። ውስጡ የዘር ገብስ አለ። ምርጡ፣ ባለፈው ዓመት ከተገኘችው ላይ አባባ በእጁ ለቅሞ ያስቀመጠው። አፉን የቋጠረው ራሱ ነው፣ ቋጠሮውን ከእሱ በቀር የሚፈታው የለም። ከሥሩ ነበር የሚተኛው። እኔ ስልቻው ሰው ይመስለኝ ነበር፤ ሆዱ የሞላ አንድ ዘመዳችን፣ እኛ ስንራብ ዝም ብሎ የሚያየን።

አንድ ጠዋት አስካለ መኩሪን ይዛ አባባ ፊት ተንበረከከች። ጡቷ ደርቋል። «አባዬ፣ አንድ ጭብጥ ብቻ ይፍቱልኝ። አጥሚት ላድርግለት።»

አባባ ቀና ብሎ ስልቻውን አየ። «ልጄ፣ ዘር ከተበላ ምን ተስፋ አለን? ሰኔ ገብቷል። ዛሬ ነገ ይጥላል። ለእሱው ብዬ ነው» አላት። አስካለ ተነሣች። ልታኮርፈው ትችል ነበር፣ አላኮረፈችም። «ልክ ነዎት» አለችው። እኔ አባባ ላይ አልፈርድም። የገበሬ ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘር የሚበላው ሁሉም ነገር ያለቀ ዕለት ነው። እኛ ደግሞ አላለቀም ብለን ነበር።

ደመና መጣ። እውነተኛ ደመና፣ ጥቁር። አባባ ማረሻውን አሾለ፣ ከጎረቤት ባለ አንድ በሬ ጋር ሊያቀናጅ ተስማማ። መኩሪን እንኳ ብድግ አድርጎ ደመናውን አሳየው። በማግሥቱ አያ ደምሌ ሁለት ሰዎችና አህዮች አስከትሎ ደጃችን ቆመ።

«አያ ይመር፣ የልደቱ መዋጮ» አለው አባባን። «ሙጃ ላይ ዳስ ይጣላል። ገዥው ራሳቸው ይመጣሉ። ጠላው ከየቤቱ በሚወጣ ገብስ ነው የሚጠመቀው።»

«ገብስ የለም፣ ጌታው። ከየት አመጣለሁ?»

አያ ደምሌ በአገጩ ምሰሶውን አሳየው።

«እሱ ዘር ነው» አለ አባባ።

«ዘርስ እህል አይደለም?»

«አያ ደምሌ፣ በማርያም! ደመናው ይኼው። ዛሬ ነገ እዘራዋለሁ። ጃንሆይ ቢያውቁ እኮ ዘር ውሰዱ አይሉም።»

«ቢያውቁ ምን እንደሚሉ አንተ ነህ የምታውቅ? ሥዩመ እግዚአብሔርን አንተ ልታስተምር?» አለው። ከዚያ አባባ ያደረገውን አልረሳውም። ሰዎቹ ስልቻውን በቢላዋ ሊቀድዱ ሲሉ «ተዉ፣ ይፈስሳል» ብሎ ራሱ ተነሣ። ራሱ አወረደው። ራሱ ተሸክሞ አህያው ላይ ጫነላቸው። ጭኖ ሲጨርስም ቆቡን አውልቆ «ሺ ዓመት ያንግሣቸው» አለ። የዘረፉትን መረቀ! ይኼ ነው ሄኖክ እምነት የሚለው።

«ጃንሆይ ቢያውቁ»! አገር በሙሉ በዚህ ቃል ሲያልቅ የኖረ ነው። አያውቁም ማለት እሳቸውን ማጽደቂያ ነው፤ የሚያውቁ ከሆነማ ምን ሊባል ነው? እግዜር የሾመው ሰው፣ የሕዝቡን ረሃብ እግዜር ካልነገረው ምኑን ተነጋገሩ ታዲያ? እኔን አትጠይቁኝ፣ እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ዛሬ ግን እጠይቃለሁ።

አህዮቹ ሲወጡ አስካለ መኩሪን አቀፈችና በጓሮ በኩል ወጣች። ተከተልኳት። ገደሉን ቁልቁል ተንሸራትተን ወንዙ መሻገሪያ ላይ ከአህዮቹ ቀድመን ደረስን። እዚያ መንገዱ ጠባብ ነው፣ በአንድ ረድፍ ካልሆነ አያሳልፍም። አስካለ መሃል መንገድ ቆመች። አያ ደምሌ በበቅሎው ብቅ ሲል እጇን ዘርግታ ጮኸች።

«በንጉሥ አምላክ! ቁሙ!»

ያን ቃል ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። አሁን ይደርቃሉ አልኩ። በቅሎው እግሩን አንሥቶ ይቀራል፣ አህዮቹ ጆሯቸው ሳይነቃነቅ ይቀራል፣ አያ ደምሌ አፉ እንደተከፈተ ይቀራል። እኛ በቃል ቆመን አልነበረም? ውሃ በጀርባችን ሲወርድ አልቆምንም?

በቅሎው መጣ። ዝም ብሎ መጣ። ደረቱ አስካለን እስኪነካት ድረስ።

«ማንን ነው የምታስቆሚው?» አላት አያ ደምሌ ከላይ ሆኖ።

«አንቱን። ዳኛ ይየኝ። የአባቴን ዘር ነው የጫኑት።»

ከኋላ የንስሐ አባታችን በእግራቸው ይመጡ ነበር፣ መስቀላቸውን ይዘው። ደስ አለኝ። አስካለም ደስ አላት፣ ጮክ ብላ «አባ፣ እግዜር አመጣዎት! ተቀምጠው ይፍረዱኝ» አለቻቸው። ደንቡ ያ ነዋ፤ መንገድ ላይ የተገኘ ቄስ ይፈርዳል።

አያ ደምሌ ሳቀ። «ይኼ የንጉሥ እህል ነው፣ አንቺ። ንጉሥን በንጉሥ አምላክ ልታስቆሚ ነው? ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማሽም?» አላት። አህያ ነጂዎቹም ሳቁ። አባ አልሳቁም። አስካለን አላዩም፣ አያ ደምሌንም አላዩም። መሬት መሬት እያዩ «ልጄ፣ መንገዱን ልቀቂ» አሉ።

ለቀቀች። ምን ታድርግ? ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። አህዮቹ በአጠገባችን አለፉ፣ ስልቻችን ከእነ ቋጠሮው እየተወዛወዘ። አባ ሲያልፉ መስቀላቸውን ወደ አስካለ ዘረጉ። አልሳመችም። ቃሉ ወደ ታች ብቻ የሚሠራ መሆኑን እዚያ ቦታ ነው ያየሁት። ከላይ ወደ ታች ሲወረወር ሰው ያደርቃል፤ ከታች ወደ ላይ ሲወረወር በቅሎ እንኳ አያስቆምም። ልጅ ነኝና እንዲህ አድርጌ አላሰብኩትም። ያሰብኩት ዶሮዋን ነው። ያኔም አልሠራ ያለው በእሷ ጥፋት አልነበረም ማለት ነው።

ልደቱ ሐምሌ መሃል ደረሰ። አባባ ካልሄድኩ አለ። «ገዥው ይመጣሉ። እግራቸው ላይ ወድቄ እነግራቸዋለሁ» አለ። አሁንም እምነቱ አላለቀም! ሙጃ ስንደርስ ዳሱ ተጥሏል፣ ባንዲራ ተሰቅሏል፣ የተማሪ ቤት ልጆች ይዘምራሉ። የተቆላ ገብስ ሽታ፣ የአሻሮ ሽታ፣ ገና ከሩቅ ነው የተቀበለን። ስልቻችን ሸተተኝ። ማንም እንዳልነገረኝ አውቃለሁ፣ ግን ያ የእኛ ገብስ ነበር፤ እስከዛሬም የእኛ ነበር እላለሁ።

ከዳሱ መሃል የጃንሆይ ፎቶ በአበባ ተከቦ ቆሟል። መጀመሪያ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። ድንጋይ የሚፈልጥ ግዙፍ ሰው ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ቀጭን ነው፣ ጉንጫቸው ገባ ያለ፣ ዓይናቸው ያዘነ። ለካ እሳቸውም ርቧቸዋል አልኩ። ገብሳችንን የወሰዱት ስለራባቸው ነው ብዬ ለአስካለ ነገርኳት። አስካለ አንጋጥጣ ፎቶውን ብዙ አየችው። «ቢርባቸው ኖሮማ ባወቁት» አለች።

አባባ ገዥው አጠገብ አልደረሰም። ዘበኛ በዱላ እየገፋ መለሰው። በስተመጨረሻ አንድ አሳላፊ አዝኖለት በጣሳ ጠላ ሰጠው። አባባ በሁለት እጁ ተቀበለና ወደ ፎቶው ዞሮ እጅ ነሥቶ ጠጣው። ባዶ ሆድ ነው፣ አልተቀበለውም። ስንመለስ መንገድ ዳር ጎንበስ ብሎ አወጣው። አስካለ ጀርባውን እያሻሸች «አይዞዎት አባዬ» ትለዋለች። እሱ ደግሞ «ዘሬን፣ ዘሬን» ይላል።

ዝናቡ ጣለ። በደንብ ጣለ፣ ለጉድ! ያን ዓመት የለመነውን ሁሉ ሰጠን። ጎረቤት ሁሉ ያችኑ የተረፈችውን ዘር ይዞ ወጣ። አባባም በሬውን አቀናጅቶ ወጣና ማሳውን አረሰ። ዘር ሳይኖረው፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ትልሙን አሳምሮ አረሰ። ሰዎች «አያ ይመር፣ ምን ልትዘራ ነው?» ሲሉት «መሬቱ ምን አደረገ?» ይላቸዋል። አብዷል አሉ። ዳር ቆሜ አየው ነበር፤ ባዶ ትልም፣ በውሃ የተሞላ፣ ደመናው እላዩ ላይ ይታያል። ሰማይ የሚታረሰው እንዲህ ይሆን? አልኩ።

መኩሪ ነሐሴን አላየም። አንድ ጠዋት አስካለ ልታጠባው ስታነሣው አልተነሣም። የቀበሩት አባ ናቸው። ፍትሐቱን ጨርሰው «እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ፤ በርቺ ልጄ» አሏት። አስካለ እንባ አልነበራትም። ቀና ብላ ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «እግዜርን አይንኩብኝ አባ። እሱ አልነሣኝም» አለች። የቆመው ሰው ሁሉ አጎነበሰ። እኔ ያን ቀን የአስካለ አምላክ የሚባል እንዳለ ገባኝ።

ሐዘኑ እንዳለፈ ውሃ ልንቀዳ ሄድን። ምንጩ አሁን ሞልቷል። አስካለ ያችኑ አንገቷ የተሰነጠቀች እንስራ አዘለች፤ ደረቷ ባዶ ነው። ዳገቱን ጀመርን። ወይራው ሥር አያ ደምሌ ከሰዎቹ ጋር ገበጣ ይጫወታል። አየን። ልቤ ቀድሞ አወቀ።

«አስካለ! በንጉሥ አምላክ፣ ቁሚ!»

አስካለ ሄደች።

ያልሰማች መሰለኝ። እሱም ያልሰማች መሰለው መሰለኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። አስካለ አልፈጠነችም፣ አልዘገየችም። ዘወር ብላ አላየችም። እንደማንም ውሃ ቀድታ ወደ ቤቷ እንደምትሄድ ሴት፣ ጎንበስ ብላ ዳገቱን ትወጣለች። የገበጣው ሰዎች ጠጠራቸውን እንደጨበጡ ቀሩ። አያ ደምሌ ከተቀመጠበት ተነሣ። ደግሞ ጮኸ፤ አሁን ድምፁ ቀጠነ። ሮጦ ሊይዛት ይችል ነበር። ሰዎቹን ሊልክባት ይችል ነበር። እሱ ግን ቃሉ ብቻውን ሲሠራ ለምዶ፣ ሌላ ምን እንደሚደረግ የጠፋው መሰለ። እጁን ዘርግቶ እዚያው ቆሞ ቀረ።

እኔም ቆሜያለሁ። እግሬ ዳገቱ ላይ ተተክሏል። ሰማዩን አየሁት፤ ጠቁሯል፣ ደመናው እንዳንዣበበ ነው። አሁን መብረቁ ይወርዳል ብዬ ጭንቅላቴን በእጄ ሸፈንኩ። በጣቶቼ መሃል አስካለን አያታለሁ። ትንሽ ሄደች። ደግሞ ትንሽ ሄደች። ምንም አልወረደባትም። ከእንስራዋ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ የመንገዱ ድንጋይ ላይ ምልክት እየጣለ ይከተላታል።

ዳገቱ ጫፍ ላይ ስትደርስ ነው የዞረችው። አያ ደምሌን አይደለም ያየችው፣ እኔን ነው።

«ምን ይገትርሻል? ነይ እንጂ! እንስራው ያፈሳል» አለችኝ።

እግሬን ነቅዬ ሄድኩ።